ክሩን ዝቅ አድርገው

ሰኞ 4

ትናንት ማታ ከምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ፈነዳ። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች በመኪና መጡ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሄዱ። “ዕቃው ተገዝቶ እስኪመጣ ነው” ብለዋል። ዝናቡ ሲያበቃ ማለታቸው ነው።

ስለዚህ መብራት ራሴ እሠራለሁ።

ሻማ አልፈልግም፤ ይቀልጣል፣ ይወድቃል። ነጭ ጋዝ ቤቴ አይገባም። ባለቤቴን ደረቷን ያማታል፤ ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ጭስ የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ ብላለች። የቀረው የምግብ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ጥሩ ክር ካገኘ ያለ ሽታና ያለ ጭስ ይነዳል። ዋናው ነገር ክሩ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የፈትል ማሽን ስጠግን ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማሽኑን ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ መጽሐፉን ፊደል በፊደል ቆጥሬ ነው ያወቅኩት። ስለ ክር የሚነግረኝ ሰው ገና አልተወለደም።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ነው የጀመረችው።

“አባባ፣ መብራቱ እስኪመጣ እማዬን ልውሰዳት። እኛ ጋ አልጠፋም።”

“እናትሽ ቤት አላት።”

“የላትም አላልኩም። እርስዎም ይምጡ።”

በአማቼ ጣሪያ ሥር እንደማላድር የተናገርኩት በሠርጋቸው ሰሞን ነው፤ የተናገርኩትን አልለዋውጥም።

“እንግዲህ ሳሏ ከባሰ ወስዳታለሁ። አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።” ይህን ብላ ወጣች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ አላውቅም።

ማክሰኞ 5

የመጀመሪያው ክር። ያረጀ ካናቴራ፣ ንጹህ ጥጥ። በቁመቱ ሸነሸንኩት፣ አከረርኩት። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ዘይት ሞላሁ። ቀጭን ሽቦ ጠምዝዤ ክሩን የሚይዝ እግር ሠራሁለት። ሽቦው ዘይቱ ውስጥ ይቆማል፤ የክሩ ጫፍ ከዘይቱ በላይ እንደ ጥፍር ብቅ ይላል። ከዚያ በላይ ከወጣ ይጨሳል።

ነደደ። ግን ብርሃን አይባልም። በወረንጦ ይዤ ትንሽ ሳብ አደረግኩት። አሁንም ደካማ ነው። እንደገና ሳብኩት።

ባለቤቴ ሳለች።

“ጨሰብሽ?”

“ምንም አይል። ብርሃኑ እኮ ደህና ነው፤ ክሩን ዝቅ አድርገው።”

ሰው ላለማስቀየም ስትል ያልሆነውን ሆነ ትላለች። ድሮም እንዲህ ናት። በዚህ ጨለማ ደህና የሚባል ብርሃን የለም።

ሐሙስ 7

ጉድለቱ ከካናቴራው ሳይሆን ከአዘገጃጀቱ ነው። አዲሱን ክር በጨው ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ አደረቅኩት። ጨው የክሩን ጫፍ ቶሎ ከመከሰል ያድናል።

ለኮስኩት። በነበልባሉ ዙሪያ ቀለበት አለ። እንደ ቀስተ ደመና ቀለም ያለው ክብ። ዘይቱ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ባለሱቁ ያልበረዘው ነገር የለም። ከማዶ ካለው ሱቅ ሌላ ጠርሙስ አስመጣሁ። ቀለበቱ እዚያም አለ። ሁለቱም ይበርዛሉ።

ክሩን ከፍ አደረግኩት።

ቅዳሜ 9

አማቼ መጣ። በካርቶን የታሸገ መብራት ይዞልኛል።

“ጋሼ፣ ይኼ በፀሐይ የሚሠራ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል፣ ማታ ያበራል።”

“ፀሐይ መቼ አየህ?”

ወደ መስኮቱ ዞረ። ዶፉ ይወርዳል። “እንግዲህ… ስትወጣ።”

“እሷ ስትወጣማ መብራቱም ይመጣል።”

ባለቤቴ ከአልጋዋ ላይ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነና ውሃ አቀበልኳት። ለእሱም ሻይ ቀዳሁለት። ጠረጴዛው ረጠበ፤ ስኒው ጠርዙ የተሸረፈ ነው። አማቼ በመሐረቡ ሲጠርግ ቆየና ቀስ ብሎ፣

“ጋሼ፣ ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ?” አለኝ።

“አንተን አጥርቼ አያለሁ። ምን ቀረኝ?”

የቢሮ ሰው ነው። ያጋጠመውን ነገር ሁሉ ወደ ሚመለከተው ክፍል መምራት ይወዳል። መብራቱን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ለጌጥ ይሆናል።

እሑድ 10

ለባለቤቴ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይነካውም። ሽሮፕ ነው፤ በክዳኑ ላይ መስመር አለ፣ እስከ መስመሩ ይሞላል። መስመሩን የሠሩት ሰዎች ዘንድሮ ቀለም ሳይወደድባቸው አልቀረም፤ ጭራሽ አይታይም።

እኔ ስቀዳ ባለቤቴ ክዳኑን ታያለች። “በቃ” ትላለች። በየቀኑ “በቃ።”

“እኔ አላውቅም እንዴ?”

“አንተማ ታውቃለህ። ዕድሜ ልኬን አንተ ስታዝዘኝ ኖረሃል፤ አንድ ቃል ይኑረኝ ብዬ ነው።”

ተውኳት። የታመመ ሰው እንደ ልጅ ይሆናል።

ሰኞ 11

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የጥጥ ቁርጥራጭ በከረጢት ይዞ መጣ። ሰፈሩ “መቀስ” ይለዋል፤ ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ ስለሚቆርጥ ነው። ገና ከበሩ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ።

“ይኼ ኩራዝ ነው የጭነት መኪና? ዓይኔን አጠፋኸው እኮ።”

“ግባ። ፌዝህን ውጭ አራግፍ።”

“ምን ፌዝ አለው? ክሩን ዝቅ አድርገው። ጣሪያህን ልታጨስ ነው?”

ቁርጥራጩን በጣቴ እያሸሁ ለየሁት። ጥጥ ጣት ላይ ይሞቃል፤ ናይለን ይንሸራተታል። ጥርጣሬ ካለ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ይቀልጣል። ይህን ለማንም አልደብቅም፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። መቀስ ሲሄድ ባለቤቴ በሹክሹክታ አንድ ነገር አለችው። “እሺ እሺ” ብሎ ወጣ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሰው ወሬ አላሳድድም።

ረቡዕ 13

ልጄ መጥታ ግድግዳውን ወለወለች። ነጭ ጨርቅ ነበር፤ አፍንጫዬ ሥር አምጥታ ጥቁር ሆኖ አሳየችኝ።

“ይኼን አላዩትም አባባ?”

“የምድጃው ነው። የቆየ።”

“በአልጋው በኩል ምድጃ አለ?”

ሥራ ነበረብኝ። አልተከራከርኳትም።

የዚህ ደብተር መስመርም ደብዛዛ ነው። ድሮ ደብተር ሲሠራ ሰው ይጽፍበታል ብለው ነበር የሚሠሩት። በትልልቁ ካልጻፍኩ መስመር ይጠፋብኛል። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው።

ዓርብ 15

ዛሬ ደግሞ ሦስት ፈትል እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩ። የተጎነጎነ ክር ዘይቱን እኩል ይስባል፤ የተገመደ አንዱን ጎን ያስርባል። በልኩ ከረከምኩ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሠራሁትን ሥራ አውቃለሁ።

ብርሃኑ ግን ያው።

ከፍ አደረግኩት። ባለቤቴ ሳለች። ዝቅ አደረግኩት። ጨለመ። ከፍ። ሳለች። መስኮት ክፈትልኝ አለች፤ ከፈትኩ፣ ዝናብ ገባ። ዘጋሁ። ቁጭ ብድግ ስል አመሸሁ። እንዲህ ያለ ክር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ደካማ ሆኖ የሚጨስ። ወይ ይድከም ወይ ይጭስ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ክር የለም።

ቅዳሜ 16

ማታ የተውኩት ክር ጠዋት ሳየው ወርዷል። በጣቴ ለካሁት። ሽቦው ወደ ታች ተጭኗል።

“ክሩን ማን ነው የሚነካው?”

“ራሱ ነው የሚወርደው” አለች ባለቤቴ።

“ክር ራሱ አይወርድም።”

“እንግዲህ ሁሉም እንዳንተ ግትር አይደለም።”

እየሳለች ከአልጋ ተነሥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ጠረጴዛው ድረስ መሄዷ ነው። ለምን? ጨለማ ትወዳለች? ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላትና አትነሺ ብዬ ተቆጣሁ። በኋላ ቁጣው በዛ። ይቅርታ ማለት ግን አልሆነልኝም፤ ትራሷን ከፍ አደረግኩላት።

ማክሰኞ 19

እጄ ታሟል። አጭር እጽፋለሁ።

ክሩ አለቀ። ባለቤቴ ተኝታ ነበር። ከወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ፤ ከመቀስ ከረጢት የወጣ መሰለኝ። ቸኮልኩ። በእሳት መፈተን ነበረብኝ፤ አልፈተንኩም። ይጻፍ፤ አልፈተንኩም። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር።

ለኮስኩት። ተንጣጣ። ቀለጠ። ነበልባሉ እየተንጠባጠበ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። በእርጥብ ፎጣ ደፈንኩት፤ ጣቴን ፈጀኝ። ባለቤቴ ትንፋሽ አጠራት። አቅፌ በር ላይ አወጣኋት፤ ዝናቡ እየመታን እስኪሻላት ቆምን። ክብደት የላትም። መቼ እንደዚህ እንደቀለለች አላውቅም።

ጨርቁ ልጄ የገዛችላት ሻርፕ ነበር። ሰማያዊ አበባ አለው ትላለች። አበባ አላየሁም። በእጥበት ለቆ ይሆናል።

“ገና አንድ ጊዜም አልታጠበም” አለች። ወዲያው ደግሞ፣ “ተወው፣ አልወደውም ነበር” አለች። ትወደው ነበር።

ሐሙስ 21

ነርሷ መጣች። ማዳመጫዋን ባለቤቴ ጀርባ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ልጄም ነበረች።

“ደረቷ ከባለፈው ብሷል። እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚጨሰው?”

ነርሷ ጣሪያውን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። የታሰረ ጣቴን ኪሴ ከተትኩ።

“ይኼ ከቀጠለ ሐኪም ቤት ትተኛለች” ብላ ሄደች።

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

“እሑድ መኪና ይዘን እንመጣለን። እማዬን እወስዳታለሁ። እርስዎ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም።”

“እሷን ጠይቂያት።”

“ጠየቅኳት። ‘እሱን ጨለማ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ’ ነው የምትለው። እንዴት አድርጌ ልመልስላት? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።”

እስከ እሑድ ጊዜ አለኝ። የማይጨስ ክር ከሠራሁ የምትሄድበት ምክንያት የለም።

ዓርብ 22

ቀኑን ሙሉ ሥራ። ከአሮጌው መወልወያ ላይ የጥጡን ክር ፈታሁ። አንዱን መዝዤ አቃጠልኩ፤ አመድ ሆነ፣ በጣቴ አረጋገጥኩ። በሳሙና ቀቀልኩት። አለቀለቅኩት። በአቼቶ ነከርኩት፣ በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ አደረቅኩት። አራት ፈትል አድርጌ ጎነጎንኩ። ከዚህ የተሻለ ክር አልሠራሁም፤ ማንም አይሠራም።

ማታ ከአሮጌው ካናቴራ ክር ጎን ለጎን ለኮስኩት። ፋብሪካ አዲስ ፈትል ስንፈትን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን እንሰቅል ነበር፤ ብቻውን የታየ ነገር ይዋሻል። ሁለቱን አየሁ። ሁለት ደብዛዛ ቢጫ፣ በየዙሪያቸው ቀለበት። ልዩነት የላቸውም።

ይህ ሊሆን አይችልም።

“የትኛው ይበልጣል?” አልኳት።

“ሁለቱም ያበራሉ።”

“ይኼ መልስ አይደለም።”

“አዲሱ። በጣም ያበራል። ዝቅ አድርገው እንጂ።”

ልታስደስተኝ እንደሆነ ላረጋግጥ ፈለግኩ። አሮጌውን አጠፋሁ። አዲሱን እሷ በምትለው ልክ፣ እስከ ጥፍር ድረስ፣ ዝቅ አደረግኩት። ለእኔ ቤቱ ጠፋ። ሳሙና የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ሰጠኋት፤ ከሱቅ የመጣው ከሰዓት ነው፣ አላየችውም።

“አንብቢ።”

“ከላይ ጀምሬ?”

“ከታች። ከትንንሹ።”

ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ መብራቱ በቆመበት፣ ሳትደናቀፍ አነበበች። “የሚሸጥ ብስክሌት። ሰንሰለቱ አዲስ፣ ፍሬኑ በቅርብ የተጠገነ። ባለቤቱ ጉልበቱን ስላመመው።” ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። “ያሳዝናል። ጉልበቱን ስላመመው።”

ተቀበልኳትና ወደ ነበልባሉ አስጠጋሁት፤ ወረቀቱ ሊነድብኝ ሲል ከአልጋዋ ተነሥታ እጄን ያዘችኝ። ፊደል አይደለም፣ ግራጫ ጨርቅ ነው ያየሁት። ከራሷ ፈጥራ ይሆናል። ወሬ መፍጠር ትችላለች፤ ለልጃችን የነገረቻት ተረት ሁሉ ከራሷ ነበር።

ቁራጩን ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ቅዳሜ 23

ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። ወደ መቀስ ሱቅ ሄድኩ። በሩ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ጋዜጣውን ሰጠሁት።

“ታች ያለውን አንብብልኝ።”

“ምነው፣ መነጽርህን ጣልክ?”

“መነጽር የለኝም። አንብብ።”

መነጽሩን አፍንጫው ላይ አወረደ። “የሚሸጥ ብስክሌት። ሰንሰለቱ አዲስ…” አለ። “ፍሬኑ በቅርብ የተጠገነ። ባለቤቱ ጉልበቱን ስላመመው።” ቀና ብሎ አየኝ። “በዚህ ዕድሜህ ብስክሌት ልትገዛ ነው?”

ተቀበልኩትና እዚያው ቆሜ ለማንበብ ሞከርኩ። ዝናብ የለም። ጭስ የለም። ዘይት የለም። ቀን ነው።

“ያን ሰኞ፣ ቁርጥራጩን ያመጣህ ለት፣ ሚስቴ ምን አለችህ?”

መቀስ የልብስ ቁልፍ ለቀመ፣ ቁልፍ ጣለ።

“ስለ መብራቱ አታሹፍበት አለችኝ” አለ።

ክሩ አይደለም።

ያው ቀን፣ ማታ

ደብተሩን ተመልሼ ከፈትኩት። ያልተጻፈ ነገር አለ።

በየቀኑ ጨለመ እያልኩ ክሩን የሳብኩት እኔ ነኝ። ክሩ በተሳበ ቁጥር ጭሷል። የጨሰው ደረቷ ውስጥ ገብቷል። ነርሷ ምንድን ነው የሚጨሰው ብላ ጠይቃ ነበር። መልሱ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ቆሞ ነበር።

ቀለበቱም የዘይቱ አይደለም። ባለሱቁን በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ።

እሑድ 24

ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አደረግኩ፣ ካፖርቴን ለበስኩ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ታየኛለች፤ አልጠየቀችኝም። ልጄና አማቼ መጡ። ልጄ የእናቷን ልብስ ከቁም ሳጥን ማውጣት ጀመረች።

“ተይው” አልኳት። “እሷ አትሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ።”

“ወዴት ነው የሚሄዱት?”

“ዓይን ሐኪም ጋ። ባልሽ ያደርሰኛል።”

አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጋሼ፣ ዛሬ እሑድ ነው። ዝግ ነው።”

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

“እንግዲያው ነገ።”

“እስከ ነገ ካፖርቱን እንኳ አውልቀው” አለች ባለቤቴ። ልጄ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ ሲመስለኝ ሳቅ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ልብሱን በእጇ እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“እማዬ፣ ታውቂ ነበር?”

“የኔ ልጅ፣ መርፌ ክር አስገባልኝ ብዬው፣ ሲታገል ውሎ ‘ይኼ መርፌ ቀዳዳ የለውም’ ካለኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?” ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

“በየቀኑ ነግሬሃለሁ። ክሩን ዝቅ አድርገው ስልህ ምን የምልህ መሰለህ?”

ካፖርቴን አወለቅኩ።

ልጄ ግን የእኔ ልጅ ናት፤ በቀላሉ አልለቀቀችኝም። ነርሷ ሐሙስ ትመለሳለች። ደረቷ ካልቀለለ እናቷ በዚያው ቀን ትሄዳለች። እስከዚያ ክሩን የምታዝዘው እናቷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ተስማማሁ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ፤ የሚወስዷት ከሆነ እኔም አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። አማቼ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ሰኞ 25

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሞራ ነው አለች፤ በሁለቱም ዓይን። በቀዶ ጥገና ይነሣል። ግራው መጀመሪያ፣ በሚቀጥለው ወር። ብርሃን ሲያዩ ቀለበት ያያሉ? አለችኝ። አያለሁ አልኩ።

“እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አሉ?”

“ክሩ ነው ብዬ።”

አልገባትም። አማቼ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ፤ አየሁት፣ ዘጋው። ስንመለስ ባለሱቁ ጋ አቁም አልኩት። መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ለባለሱቁ ዘይትህ ንጹህ ነው አልኩት፤ ሰው በተሰበሰበበት። ሌላ አልጨመርኩም።

ረቡዕ 27

ሌሊቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሳለች። ወይም እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። አላውቅም። ነገ ነርሷ ትመጣለች። እጄ ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ ዛሬ ክሩን ደጋግሜ ልነካ እጄን ዘረጋሁ፤ ደጋግሜ መለስኩት። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ማለት ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ልብሷ አሁንም አልጋው ጫፍ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ልጄ ወደ ቁም ሳጥኑ አልመለሰችውም።

ሐሙስ 28

ነርሷ ጠዋት መጣች። ማዳመጫውን አድርጋ እንደ ባለፈው ብዙ ቆየች። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከሥራ ቀርታ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮት መስኮቱን አየሁ፤ የማየው ነገር ኖሮ አይደለም።

“ይሻላል” አለች ነርሷ። “አልዳነችም። ግን ይሻላል። ምን ለወጣችሁ?”

“ባለሙያውን” አለች ባለቤቴ።

ልጄ ልብሱን ከአልጋው ላይ አነሣችና ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳ ሰቀለችው። የማንጠልጠያው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስትወጣ ትከሻዬን ነካችኝ። “አባባ፣ ደህና ይዋሉ” ብቻ ነው ያለችው።

ማታ ነው አሁን። የምጽፈው ጣቴን በወረቀቱ ጠርዝ እያስያዝኩ ነው፤ መስመር ላይ መሆን አለመሆኑን አላውቅም። መብራቱን የለኮስኩት በመወልወያው ክር ነው። ሽሮፑን ስቀዳ “በቃ” አለች፤ አቆምኩ። ከዚያ ወረንጦውን ያዝኩ።

“ንገሪኝ።”

“ዝቅ። ትንሽ። ትንሽ ደግሞ።”

አወረድኩት።

“በቃ። አየህ እንዴት እንደሚያምር?”

“አዎ” አልኳት።

ምንም አልታየኝም። ወረንጦውን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ አልጋዋ አስጠጋሁ፣ ጆሮዬን ሰጠሁ። አማቼ የተወላትን ጋዜጣ ትገልጣለች። ገጹ ይንኮሻኮሻል። ትተነፍሳለች። ሳሉን ጠበቅኩት።

አልሳለችም።